1780 የሚለው ብር ሁሉ በ1780 የተመታ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ድሮ መገበያያዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ መካከል የአንድ ማርትሬዛ ጠገራ ብር፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ፊት ያለበት የድሮ ብር፣ ፎቶ አትማችኋል። ከሥሩም «ከ240 ዓመት በላይ ያስቆጠረ» የሚል መግለጫ አለ። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። ፎቶው ግን የሚያሳየው የንግሥቲቱን ፊት ብቻ ነው፤ ጀርባው የለም፣ ጠርዙ የለም፣ ክብደቱ አልተጻፈም። መግለጫው ደግሞ ብሩ ላይ የተጻፈውን ዓመት እንዳለ ወስዶ ዕድሜውን አስልቷል። ከሌላ ገንዘብ ጋር ይህ ያስኬድ ይሆናል፤ ከማርትሬዛ ጋር ግን አያስኬድም። የአንድን ዓመት ሳንቲም ከየአገሩ መሰብሰብ የጀመሩ ወጣቶች እየበዙ ስለሆነ፣ ብዙዎቹም 1780ን የሚመርጡት ያቺ ብር በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ስላለች ነውና፣ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍ።

ማርያ ቴሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1780 ነው፤ በእኛ ኅዳር 1773 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ጎንደር ላይ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነበሩ፣ ገበያው ላይ ደግሞ አሞሌ። ንግሥቲቱ ስታርፍ ብሯ በቀይ ባሕር ዙሪያ በነጋዴው ዘንድ ታምኖ ስለነበር፣ መልኩ የተለወጠ ብር የሚቀበል አልተገኘም። ስለዚህ ገንዘብ የሚመቱት ማተሚያ ቤቶች ዓመቱን ሳይነኩ መምታታቸውን ቀጠሉ። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ መትተውታል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ የመምቻ ማኅተሞቹን ከኦስትሪያ ለ25 ዓመት ተረከበና ሮም መምታት ጀመረች፤ ኢትዮጵያን ሲወር ለሠራዊቱ መክፈያ ያስፈልገው ነበር። ይኼኔ ሌሎቹም ዝም አላሉም፦ ፓሪስ በዚያው ዓመት፣ ለንደን በ1936፣ ብራስልስ በ1937፣ ቦምቤይ በ1940 የራሳቸውን ማኅተም አስቀርጸው መቱ። ቪየና በ1961 መልሳ ጀመረች፤ እስካሁንም ለሰብሳቢዎች ትመታለች። በሁሉም ላይ የሚነበበው 1780 ነው። የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ይዞት የመጣው ብርም እንዲሁ ነበር፤ እንግሊዞቹ ቪየና ላይ አዲስ አስመትተው ነው ይዘውት የመጡት።

ስለዚህ አንድ ማርትሬዛ እጃችሁ ሲገባ ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ዓመቱ ነው?» ሳይሆን «የት ነው የተመታው?» የሚለው ነው። መልሱን የሚሰጡት ክብደቱ፣ ጠርዙና ጥቃቅን ምልክቶቹ ናቸው።

ከሚዛን እንጀምር። ትክክለኛው ማርትሬዛ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው። ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም ይሆናል። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ሚዛኑ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ መሆን አለበት፤ የወርቅ ሠሪዎች ሚዛን በቂ ነው፤ የወጥ ቤት ሚዛን ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብዙ እጅ የዞረ ብር ተፍቆ እስከ 27.5 ግራም ሊወርድ ይችላል፣ ይህ አያሳስብም። 24 ወይም 25 ግራም የሚመዝን «ማርትሬዛ» ግን ኒኬልና መዳብ መሆኑን ጠርጥሩ፤ ብር ከእነርሱ ስለሚከብድ በዚያው ስፋትና ውፍረት የተሠራ የመዳብ ቅይጥ 24.5 ግራም አካባቢ ነው የሚመጣው።

አስመስሎ የሚሠራው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ውፍረቱን ጨምሮ ክብደቱን ያስተካክላል። ያኔ የውሃ ሚዛን ይጠየቃል። በትንሽ ብርጭቆ ውሃ አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱ። ብሩን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ሙሉ በሙሉ ይስመጥ፣ ታቹንና ጎኑን ግን አይንካ። ትክክለኛ ብር ከሆነ ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ያነባል። የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ከሆነ፣ ክብደቱ 28.07 እንኳ ቢሆን፣ 3.15 ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር የአየር አረፋ ነው። በንግሥቲቱ ፀጉርና በጀርባው ባለው ንስር ክንፍ መካከል የሚጣበቁት ጥቃቅን አረፋዎች ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርጉ ደህናውን ብር ሐሰተኛ ያስመስሉታል። ውሃው ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከጨመራችሁ አረፋው አይያዝም። ሁለተኛው ስሕተት ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበትን ብር በዚህ መንገድ መለካት ነው፤ ብየዳው ሌላ ማዕድን ስለሆነ ሁለቱንም ቁጥር ያበላሸዋል። አንጥረኛ የበሳው ብር ግን፣ ቀዳዳው እስካልተደፈነ ድረስ፣ በውሃ ሚዛን ይለካል፤ ክብደቱ ቢቀንስም ክብደቱን ውሃው ውስጥ ባነበባችሁት ቁጥር ስታካፍሉ 10.2 አካባቢ መምጣት አለበት።

(በነገራችን ላይ የተበሳ ብር እንደ ተበላሸ የሚቆጥሩ ነጋዴዎች አሉ። ዋጋ ለማርከስ ካልሆነ በቀር አልስማማም። በሙሽራ አንገት ላይ የዋለ ብር ከቪየና በፖስታ ከመጣ አንጸባራቂ ብር ይልቅ የሚነግረን ነገር አለው። ስብስብ ውስጥ አንድ የተበሳ፣ አንድ ማንጠልጠያ ያለው ቢኖር ጥሩ ነው።)

ሚዛኑ ካለፈ በኋላ ጠርዙን እዩ። በማርትሬዛ ጠርዝ ዙሪያ በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል ቃል አለ፤ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። ፊደሎቹ ከጠርዙ ወጣ ብለው የቆሙ ናቸው፣ በመካከላቸውም የቅጠልና የአበባ ጌጥ አለ። በአሸዋ ወይም በጎማ ቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ብር እዚህ ይጋለጣል፦ ፊደሎቹ የቀለጠ ሰም ይመስላሉ፣ አንዳንዴም ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት መስመር ጠርዙን ዙሮ ይታያል ወይም በሞረድ ተሞርዶ የፊደሉ አናት ተቆርጧል። ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ ወይም እንደ ዛሬው ሳንቲም ጥርስ ብቻ ካለው ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ከዚያ ወደ ፊቱ። ከንግሥቲቱ ትከሻ በታች ሁለት የላቲን ፊደሎች አሉ፣ ኤስ እና ኤፍ። በጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት የነበሩት የሁለቱ ሹሞች፣ የቶቢያስ ሾብልና የዮሴፍ ፋቢ፣ የስም መነሻዎች ናቸው። ጉንዝቡርግ በ1805 ከኦስትሪያ እጅ ወጥታለች፤ ፊደሎቹ ግን ሌሎቹ ከተሞች በመቱት ላይ ቀጥለዋል። ስለዚህ ኤስ ኤፍ መኖሩ ብቻውን ጉንዝቡርግ አያሰኝም። በትከሻዋ ላይ ያለው ማያያዣ ጌጥና በዙሪያው ያሉት እንቁዎች፣ በፀጉሯ ላይ ያሉት እንቁዎች፣ የድሮ ነጋዴ በጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥራቸው የነበሩ ናቸው። ከጀርባ ደግሞ የሁለት ራሱ ንስር ጅራት ላባዎች፣ የነጥቦቹ አቀማመጥ፣ ከ1780 ቀጥሎ ያለው ሰያፍ መስቀል መጠን። ማተሚያ ቤቶቹ ማኅተም በቀረጹ ቁጥር እነዚህ በጥቂቱ ይለያያሉ፤ የሚለዩትም ሁለት ብር ጎን ለጎን ሲታይ ነው። ለዚህ ነው ፎቶ የሚያስፈልገው። በትዝታ ላባ የሚያወዳድር ሰው የለም።

የዓመቱን ስብስብ በማርትሬዛ ብቻ ማቆም ግን ያሳዝናል። የሜክሲኮ ማተሚያ ቤት በ1780 የመታው የስምንት ሪያል ብር በአንድ በኩል የካርሎስ ሦስተኛን ፊት፣ በሌላው ሁለቱን የሄርኩለስ ምሰሶዎች ይዟል፤ 27.07 ግራም ነው፣ ከሺህ 903 እጁ ብር። ውሃ ውስጥ 2.62 ይነበባል። በምሰሶዎቹ በኩል ከዋጋው ምልክት ጎን ያሉት ሁለቱ ተመሳሳይ ኤፍ ፊደሎች የሜክሲኮ የብር መርማሪዎች የስም መነሻዎች ሲሆኑ፣ በፖቶሲ የተመታው ላይ ደግሞ ፒ እና አር አሉ። የቻይና ነጋዴዎች እየመረመሩ ትናንሽ ማኅተም የመቱበት ከተገኘ አትለፉት። የፈረንሣዩ የሉዊ 16ኛ ኤኩ ከዚህም ይከብዳል፣ 29.49 ግራም። ከመዳቡ በኩል የካትሪን ሁለተኛዋ አምስት ኮፔክ አለ፤ በሕጉ ከ51 ግራም በላይ ስለሆነ አንዱ ወደ ሁለት ማርትሬዛ ይጠጋል፣ ስብስቡ ላይ ሲቀመጥ እንደ ድስት ክዳን ነው። በተቃራኒው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዱይት ቀጭን የመዳብ ሳንቲም ናት፣ የኩባንያው ሦስት ፊደሎች እርስ በርስ ተጠላልፈውባታል፤ በርካሽ ስለምትገኝ ለጀማሪ የምትሆነው እርሷ ናት።

የእስልምና ዘመን አቆጣጠር ያለባቸውን የምትጨምሩ ከሆነ 1194 ሂጅራ ከ1780 ጋር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ይገጥማል። የኦቶማን ሳንቲሞች ላይ ግን ተጠንቀቁ። የሱልጣን አብዱልሃሚድ ቀዳማዊ ሳንቲም ላይ የሚነበበው 1187 የነገሡበት ዓመት ነው፤ ሳንቲሙ የተመታበት ዓመት ለማወቅ ለብቻው የተጻፈውን የዘመነ መንግሥት ቁጥር ማግኘትና መደመር፣ ከድምሩም አንድ መቀነስ ያስፈልጋል። ቤንጋል ላይ ደግሞ የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በሞጉሉ ንጉሥ በሻህ ዓለም ስም በመታቸው ሩፒዎች ላይ «19ኛ ዓመት» የሚለውን ሳይለውጥ ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል። ምክንያቱ ከማርትሬዛው ጋር ይቀራረባል፦ ዓመቱ በተለወጠ ቁጥር የቀድሞው ዓመት ገንዘብ በቅናሽ ይወሰድ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደንባችሁን ጻፉ፦ በፈረንጅ 1780 የሚል ቁጥር ያለባቸው ብቻ ናቸው ወይስ በማንኛውም አቆጣጠር በዚያ ዓመት የተመቱ? ይህን ሳይወስን የጀመረ ሰው በሁለተኛው ወር ስብስቡ ምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

የራሳችንም ሳንቲሞች ከዚህ ነፃ አይደሉም። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል የወጡት ሳንቲሞች ላይ ያለው ዓመት ፲፱፻፴፮ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓመቱ ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ ተመትተዋል። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ሳንቲም «የ1936» ነው ተብሎ ቢሸጥ ቁጥሩ እውነት ነው፣ ዕድሜው ግን ላይሆን ይችላል። ስሙኒው መጀመሪያ ሙሉ ክብ ነበር፤ ከብር ሽልንጉ ጋር እየተምታታ ሲያስቸግር ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተከርክሮ ወጣ። ሁለቱም ስሙኒዎች ፲፱፻፴፮ ይላሉ፣ በዓይን ግን የትኛው እንደሚቀድም ይታወቃል። የደርጉ ፲፱፻፷፱ም እንደዚሁ ነው። አንድ ዓመት መርጦ ለመሰብሰብ ለጀማሪ ከ፲፱፻፴፮ የተሻለ የለም እላለሁ፦ ዋጋው አይከብድም፣ ከአንድ ሳንቲም እስከ ሽልንግ አምስት ዓይነት አለው፣ ፊደሉንም ለማንበብ አጉሊ መነጽር እንጂ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ፤ ብዙው ጥፋት ያለው እዚህ ነው።

ስልክ ይበቃል። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብር በእውነተኛ መጠኑ ለኅትመት የሚፈልገው፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታሰብ፣ 472 ነጥብ ብቻ ነው። ማንኛውም የዛሬ ስልክ ከዚህ እጥፍ ድርብ ይሰጣል። ለላባ ማወዳደሪያ ሲሆን ግን ብሩ በፎቶው ውስጥ ቢያንስ 2000 ነጥብ ስፋት እንዲይዝ አድርጉ።

ስልኩን በእጅ ይዞ ማንሳት አይሆንም። ሁለት የመጻሕፍት ክምር አድርጋችሁ በላያቸው ሁለት ማስመሪያ አጋድሙና ስልኩን ካሜራው ወደ ታች እንዲያይ አስቀምጡት። ከብሩ 20 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከዚያ ሁለት እጥፍ አጉሉ። ከዚህ አስጠግታችሁ ካነሳችሁ ሁለት ችግር ይመጣል፦ የስልኩ ጥላ ብሩ ላይ ይወድቃል፣ ክቡም ወደ መሐል የተነፋ ሆኖ ይወጣል። ስልኩ ከብሩ ጋር ትይዩ መሆኑን ለማወቅ ብሩ በሚቀመጥበት ቦታ ትንሽ መስታወት አድርጉ፤ በስክሪኑ ላይ የራሱ የካሜራው ዓይን ልክ መሐል ላይ ከታየ ቀጥ ብሏል። ካልሆነ ከማስመሪያው ሥር ወረቀት እየጨመራችሁ አስተካክሉ። በዘመመ ካሜራ የተነሳ ብር እንቁላል ይሆናል፣ የአንዱ ጎን ፊደልም ይደበዝዛል።

ፎቶ የሚነሳው በሰዓት ቆጣሪ ነው፣ ሁለት ሰከንድ። ጣት ስክሪኑን ሲነካ የሚፈጠረው ንዝረት ላባዎቹን ለማጥፋት ይበቃል። ትኩረቱን የንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ ሳይሆን ፊደሎቹ ላይ አድርጋችሁ ጣታችሁን ተጭናችሁ ቆልፉት፤ ከዚያ ብርሃኑን በጥቂቱ ቀንሱ። ስልክ ጠቆር ያለ መደብ ሲያይ ብሩን አብርቶ ነጭ ጭቃ ያደርገዋል፤ የነጣ ቦታ ደግሞ ከተነሳ በኋላ ቢጠቆርም ምልክቱ አይመለስም። ፊት የሚያለሰልሱና ከኋላ የሚያደበዝዙ አሠራሮችን ሁሉ አጥፉ። በእጅ የሚስተካከል ካሜራ ላለው አይ ኤስ ኦ 100፣ ቀዳዳው ኤፍ 8 ይበቃል።

መብራት ሁለት የጠረጴዛ ኤልኢዲ ያስፈልጋል፣ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት። ብሩን እንደ ሰዓት ብታስቡት አንዱ አሥር ላይ፣ አንዱ ሁለት ላይ ይቁም፣ ከብሩ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት። የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን አትቀላቅሉ፤ ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ ቢጫ የሆነ ብር ከዚህ ነው የሚመጣው። በፎቶው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ከተጋደሙ መብራቱ ከኤሌክትሪኩ ጋር እየተንቀጠቀጠ ነው። እኛ ጋ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የመዝጊያውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉ፤ በአሜሪካ የምትኖሩ 1/60 ወይም 1/120።

ከዚህ በኋላ የሚወስነው የመብራቱ ከፍታ ነው፤ ብዙ ሰው አንድ ፎቶ አንስቶ ይበቃል የሚለው ይህን ስለማያውቅ ነው። መብራቱ ከፍ ብሎ ከላይ ሲወርድ፣ ከጠረጴዛው 60 ወይም 70 ዲግሪ፣ የብሩ ወዝና ቀለም ይታያል፣ ጭረቱ ግን ይደበቃል። ዝቅ ብሎ በ20 ዲግሪ ሲመጣ ቀለሙ ይሞታል፣ እያንዳንዱ ጭረት፣ የተሞረደ ቦታ፣ የተደፈነ ቀዳዳ ይወጣል። ሻጭ የሚልክላችሁ የመጀመሪያውን ነው፤ እናንተ ሁለተኛውን ጠይቁ። አዲስ የተመታ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ብር ላይ ግን ሁለቱም አይሠሩም፤ መደቡ ወይ ጥቁር ይሆናል ወይ አምፖሉን ያሳያል። ለዚያ የፎቶ ክፈፍ መስታወት፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር ያልወፈረ፣ ከብሩ በላይ በ45 ዲግሪ አጋድማችሁ ያዙት። መብራቱ ከጎን በመስታወቱ ከፍታ ይብራ። መስታወቱ ብርሃኑን ወደ ታች ይመልሰዋል፣ ካሜራው በመስታወቱ ውስጥ አሳልፎ ያያል። በመብራቱና በብሩ መካከል ዝቅ ብሎ ካርቶን ይቁም፣ ቀጥታ ብርሃን ብሩን እንዳይነካው፤ ከመብራቱ ትይዩ ባለው ጎንም ጥቁር ካርቶን። ወፍራም መስታወት ከተጠቀማችሁ እያንዳንዱ ፊደል ጥላው አብሮት ተደርቦ ይወጣል።

ጠርዙን መተው አይገባም። የብሩ ዙሪያ 126 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ፎቶ አይነበብም፤ ስምንት ጊዜ እያዞራችሁ አንሱት፣ በአንዱ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስፖንጅ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አውጥታችሁ ብሩን በጠርዙ አቁሙት። ሁልጊዜ ከንግሥቲቱ አናት በላይ ካለው ነጥብ ጀምሩ፤ አለዚያ ሁለት ብሮችን ስታወዳድሩ የትኛው አበባ ከየትኛው እንደሚገጥም አታገኙትም።

በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ የሚሊ ሜትር ማስመሪያ ቁራጭ ይኑር። ፋይሉን ስሙን ስትጽፉለት ዓመቱ፣ አገሩ፣ ተራ ቁጥሩ፣ የትኛው ወገን እንደሆነና መብራቱ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ መሆኑ ይግባ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ላባው ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ብሮች ሐሰተኛ ተብለው ሲመለሱ ይታያል።

እና እባካችሁ፣ ለፎቶ ብላችሁ ብር አታሹ። በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በሶዳና በአሉሚኒየም ወረቀት፣ ሁሉም ያበራል፣ ሁሉም ያበላሻል። ሎሚው ከቅይጡ መዳቡን ቀድሞ ይበላና መልኩን ይቀይረዋል። አመዱና የጥርስ ሳሙናው በሺህ የሚቆጠሩ ቀጭን ጭረቶች ይተዋሉ፤ ዝቅ ባለ መብራት ሲነሳ ብሩ የተቦጨቀ ይመስላል። ሶዳው ጥቁረቱን ሲገፍ አብሮ የሚሄደው ወዝ ተመልሶ አይመጣም። ስብ ወይም የፕላስቲክ ቅሪት ካለበት ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ መንከር፣ በዲስትልድ ውሃ ማለቅለቅና ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ መጫን ይበቃል። አሴቶኑ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሳይሆን ሽቶና ዘይት ያልገባበት ይሁን፤ መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አታስጠጉ። ውሃውንም ስትገዙ ለባትሪ ከሚሸጠው አሲድ ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ ዕቃው ይመሳሰላል።

ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ኪስ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተፋል፤ ጠንካራውንና የማይሸተውን ምረጡ። የላስቲክ ማሰሪያ፣ ሱፍ ጨርቅና ርካሽ ወረቀት ብርን ያጠቁራሉ። ይህን ለጋዜጣ አዘጋጆች መጻፍ ትንሽ ያሳፍራል፣ ነገር ግን ብዙ ማርትሬዛ በየሣጥኑ የጠቆረው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው። ይነበብበት፣ ብር አይጠቅለልበት።

ውጭ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር፦ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ከቤተሰብ ሣጥን የምትይዙት ጥቂት ብር እንኳ ቢሆን ከመነሳታችሁ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን ጠይቁ እንጂ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አትከራከሩ። ፎቶውን ይዞ መሄድ ግን የሚከለክል የለም፤ በደንብ ከተነሳ ደግሞ ለማወዳደሪያ ከብሩ አያንስም።

በመጨረሻ ለፎቶ መግለጫው። ብሩ አሁንም በእጃችሁ ካለ ሁለቱን ወገንና ጠርዙን በእውነተኛ መጠኑ፣ ከማስመሪያው ጋር ብታትሙልን፣ ከሥሩም የሚከተለውን ብትጽፉ ደስ ይለኛል፦ «ማርትሬዛ ጠገራ ብር። በላዩ ያለው ዓመት 1780 እ.ኤ.አ.፤ ማተሚያ ቤቱና የተመታበት ጊዜ አልተለየም። ክብደቱ — ግራም፣ ውሃ ውስጥ — ግራም፣ ስፋቱ — ሚ.ሜ.።» ክፍት ቦታዎቹን ለመሙላት አሥር ደቂቃና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ
አዲስ አበባ